መርዶ ይዘን ወደ ሬክስዴል

ጎህ ሳይቀድ፣ ሴንት ጄምስ ታውን

ግርማ ከታች ሆኖ ደጋግሞ ይደውልልኛል። «መጣሁ፣ ሊፍት እየጠበቅኩ ነው» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው፤ ጫማዬን አድርጌ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። የኛ ቢልዲንግ ሊፍት ደግሞ ለውሸት ይመቻል። ከሁለቱ አንዱ ሁሌ የተበላሸ ስለሆነ ማንም ሰው ዋሸሽ ብሎ አይጠረጥርም።

በመጨረሻ ወረድኩ። ብርዱ ፊት ይቆርጣል። ክረምቱ እያለቀ ነው ይላሉ፣ በረዶው ግን በጨውና በጭቃ ጠቁሮ መንገዱ ዳር እንደተከመረ ነው። የግርማ ቫን ሞተሯ እየሠራ ትጠብቀኛለች። ከፊት ወንበር ላይ ጋሽ ታደሰ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ጋሽ ታደሰ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። ግርማ ቀን ቀን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ ለቅሶ ሲሆን ደግሞ የሁላችንም ሹፌር እሱ ነው።

«እንደምን አደርሽ ውብዓለም» አሉኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«ምን ማደር አለ ልጄ።»

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች መቼም ታውቁኛላችሁ። ስለ ናያግራ ፏፏቴ፣ ስለ ሞንትሪያል አውቶቡስ፣ ኦታዋ ሄጄ አበባ ልይ ስል ዝናብ ስለቀጠቀጠኝ ቀን ብዙ ጽፌላችኋለሁ። ልጄ ናሆም ከሞተ ወዲህ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። የዛሬው ጉዞ ከቶሮንቶ መሀል እስከ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻዋ ነው፤ በመኪና ከሰዓት የማያልፍ መንገድ። እንደዚህ የከበደኝ መንገድ ግን አላስታውስም፣ ከሀገሬ የወጣሁበትም ጭምር።

የምንሄደው አልማዝ የምትባል፣ በእድሩ በሩቁ የምንተዋወቅ ሴት ቤት ነው። ሬክስዴል ትኖራለች። ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች ባንዱ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ዕቃ ስትለይ ታድራለች። አንድ ልጅ አለቻት፤ ቤዛ። አዳማ ከአያቷ ጋር ነው የምታድገው። ስፖንሰር አድርጋት፣ ፕሮሰሱ አልቆ፣ ቪዛው ተመቶ፣ ልጅቷ ልትመጣ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከትናንት ወዲያ ሆዷን አመማት። ትርፍ አንጀት ኖሯል፣ ሳይታወቅ ፈነዳ። ትናንት አረፈች። ቤተሰቦቿ ለአልማዝ አልደወሉም። እንዴት ተብሎ ይደወላል? ለጋሽ ታደሰ ደወሉላቸው፤ «አደራዎን፣ በሰው በሰው ይንገሩልን» አሏቸው።

አልማዝ አሁን ሺፍት ላይ ናት። ስልክ መጋዘኑ ውስጥ ይዞ መግባት ስለማይቻል ስልኳ ሎከር ውስጥ ተቆልፏል። ሙሉ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ሁሉንም ነገር ታውቃለች። አብራት ዕቃ እየለየች፣ እየሳቀችላት፣ ሌሊቱን እንዴት እንደገፋችው እኔ አላውቅም።

ሀይቁ ዳር

ግርማ በ401 አውራ ጎዳና ቢሄድ ይቀናዋል። እሱ ግን ወደ ታች ወርዶ ጋርዲነርን ያዘና በሀይቁ ዳር ዞረ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ መናገርም አያስፈልገውም። የናሆም መኪና የተገለበጠችው 401 ላይ ነው። አንጀቴን በላው። አፌ ግን መቼ እሺ ይለኛል፤ «ቤንዚን ረከሰልህ እንዴ?» አልኩት።

«ሀይቁን እያየሽ ሂጂ ብዬ ነዋ፣ ቱሪስት አይደለሽ?»

ሀይቁ ገና ጨለማ ነው። በዚያ ማዶ ጥቂት መብራት ይታያል፣ በዚህ በኩል የኮንዶሚኒየሙ መስኮት ሁሉ አንድ ባንድ እየበራ ነው። የማለዳ ሥራ የሚገቡት መኪኖች ጨው እየረጩ ያልፉናል። ጋሽ ታደሰ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚናገሩትን ያጠናሉ። «አልማዝ ልጄ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ሆኖ» ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ እንደገና ከ«አልማዝ ልጄ» ይጀምራሉ።

«እኔን ለምን እንደጎተቱኝ አሁንም አልገባኝም» አልኳቸው ከኋላ ሆኜ። እውነቴን ነው። ከናሆም ወዲህ ማንም ቤት ለቅሶ ደርሼ አላውቅም። የምችለው ነገር አይደለም።

«እኛማ ቃል ብቻ ነው ይዘን የምንሄደው» አሉ፤ ወደ ኋላ ሳይዞሩ። «ልጅ የቀበረ ሰው መሀላችን ከሌለ ምን ብላ ትስማን? አንቺ አጠገቧ ቁጭ ካልሽ ይበቃል። የሚናገረውን እኔ እናገራለሁ።»

ድሮ እኔ መርዶ የሚባለውን ነገር አልወደውም ነበር። አገር ሁሉ አውቆ እየተንሾካሾከ ባለቤቱ ብቻ እየሳቀ የሚያድርበት፣ ጎረቤት ከሌሊት ጀምሮ ደጅ ተኮልኩሎ የሚጠብቅበት፤ ምን የሚሉት ጭካኔ ነው እል ነበር። ለሰው ሐቁን በቶሎ መንገር ነው፣ አለቀ። ከዚያ የኔ ተራ ደረሰ።

እኩለ ቀን ላይ ሁለት ፖሊሶች በሬን አንኳኩ። ከገበያ መግባቴ ነበር፣ ፌስታሉን ከእጄ አላስቀመጥኩም። «ቤት ውስጥ ካንቺ ሌላ ሰው አለ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ነገሩኝ። ክፉዎች አልነበሩም፤ አንደኛዋ እንዲያውም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ነገር ግን እኔ ቆሜ ነው የሰማሁት። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። እዚያ በር ላይ እሪ ማለት አፈርኩና «ቴንክ ዩ» ብዬ በሩን ዘጋሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ልጄ ሞተ ተብዬ «ቴንክ ዩ» አልኩ።

ስለዚህ አልማዝ እንደኔ እንዳትሰማ። የሰው ክንድ ላይ ሆና፣ በቋንቋዋ፣ እሪ ለማለት ሳታፍር ትስማ። ከአልጋዬ ጫፍ ተነስቼ ሊፍቱን የጠራሁት ለዚህ ብቻ ነው።

ኢቶቢኮ፣ ዶናት ቤት

የቀሩት ሰዎች አውራ ጎዳናው ዳር ባለ ዶናት ቤት ይጠብቁናል፤ ከኛ ጋር አስር እንሆናለን። ሁሉም ቡና ይዟል፣ ማንም አልጠጣም። ወረፋው ላይ የመጋዘን ሠራተኞች ናቸው፤ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ከባድ ጫማ፣ ሌሊት ያደረ ዓይን። ከነሱ ግማሹ ወደ ቤት ይሄዳል፣ ግማሹ ወደ ሥራ ይገባል። የቡናው ዋጋ እንደገና ጨምሯል። በሌላ ቀን ቢሆን ስለዚህ ብቻ አንድ አንቀጽ እጽፍላችሁ ነበር።

ጋሽ ታደሰ እንደ ጦር አዛዥ አሰላለፉን ያስረዳሉ። ሙሉ አልማዝን በመኪናዋ ቤቷ ታደርሳታለች። ስልኳን እንዳታይ በወሬ ትይዛታለች። ቤት ሲገቡ ሻይ አፍልታ እህል ታቀምሳታለች፤ ከሰማች በኋላ ስንት ቀን እንደማትቀምስ ሁላችንም እናውቃለን። ልክ እንደበላች ሙሉ ለግርማ ቴክስት ታደርጋለች፣ እኛ እንወጣለን።

«ፌስቡኩስ?» አለ አንዱ።

«ተነስቷል» አለ ግርማ። የአክስቷ ልጅ ትናንት ማታ የቤዛን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጥፎ ነበር። ግርማ ደውሎ እንዴት እንደጮኸበት ሲነግረን አሁንም ጆሮው ቀልቷል።

ሬክስዴል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል

አልማዝ ያለችበት ቢልዲንግ መግቢያው መስታወት ነው፣ ከፓርኪንጉ ሁሉ ነገር ይታያል። አስር ሐበሻ በማለዳ ጥቁር ለብሶ ሎቢ ውስጥ ቆሞ ካየች ያለ ማንም ነጋሪ ይገባታል። «ላውንደሪው ክፍል እንግባ» አሉ ጋሽ ታደሰ። «በዚህ ሰዓት ማን ልብስ ያጥባል?» ጋሽ ታደሰ በሕይወታቸው ልብስ አጥበው አያውቁም።

ገባን። ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ማሽኖቹ ግራና ቀኝ የተደረደሩበት፣ አንድ ማድረቂያ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ልብስ እያገላበጠ። ሴቶቹ ነጠላችንን ከቦርሳ አውጥተን አዘቅዝቀን ለበስን። የቢልዲንጉ ጠባቂ ብቅ ብሎ አየንና ፈገግ አለ፤ «ሰርግ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ግርማ ትከሻውን ይዞ ወደ ውጪ ወሰደው። ምን እንዳለው እንጃ፣ ሰውየው ተመልሶ አልመጣም።

ሙሉ ቴክስት አደረገች፤ ቤት ገብተዋል፣ ሻይ ተጥዷል። ጋሽ ታደሰ ግንባራቸውን ጠረጉ። ማድረቂያው ሥራውን ጨርሶ ቆመ፣ አንዷ ሴት ሙቀቱ ይውጣ ብላ በሩን ከፈተችው። የትኩስ ልብስ ሽታ ወጣ።

ናሆም ሁሌ እንደዚያ ያደርግ ነበር። ሹራቡን ከማድረቂያው ትኩሱን መንጭቆ ይለብስና «ማሚ ንኪኝ፣ ዳቦ ሆኛለሁ» እያለ ይተሻሸኛል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጎረምሳ! ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የማሽኑን ጠርዝ ያዝኩ። አንድ የፕላስቲክ ወንበር ሳቡልኝ። አልማዝን ልታጽናና የመጣች ሴትዮ እዚያው ተቀምጣ መንሰቅሰቅ ጀመረች። ሴቶቹ ከበቡኝ፤ አንዷ በነጠላዋ ታራግበኛለች፣ አንዷ ጀርባዬን ትዳብሰኛለች። ግርማ የውሃ ጠርሙስ ሊከፍት ይታገላል፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ አልሰማውም።

በሩ ተከፈተ።

አልማዝ ናት። አጭር፣ ቀጭን ሴት። ሰደርያዋን እንኳ ገና አላወለቀችም። አዲስ አንሶላ ታቅፋለች፣ ሰማያዊ፣ ከነማሸጊያው። ሻዩ እስኪፈላ አንሶላውን ማሽን ውስጥ ልጣለው ብላ ነው የወረደችው፤ በማለዳ ማሽኖቹ ባዶ ስለሚሆኑ ሁሌ የምታጥበው ከሺፍት መልስ ነው። አዲስ አንሶላ ደግሞ ሳይታጠብ አይነጠፍም፤ የቤዛ ነው። ይህን ሁሉ ኋላ ሙሉ ነገረችን፤ «ነገ ታጥቢያለሽ ብላት፣ ብለምናት እምቢ አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ብይዛት ትጠረጥራለች ብዬ ፈራሁ» እያለች።

አልማዝ በሩ ላይ ቆማ አየችን። ያኔ ያየችውን ልንገራችሁ። አስር ሰው፣ ጥቁር፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ፤ መሀል ላይ ደግሞ እኔ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማለቅስ፣ ሴቶች የሚደግፉኝ። ቶሮንቶ ያለ ሐበሻ ሁሉ እኔን ልጇ የሞተባት ብሎ ነው የሚያውቀኝ። እኔ ባለሁበት ሁሉ ሐዘኑ የኔ ነው።

አንሶላውን ለቀቀችው። በማሽኖቹ መሀል ሮጣ መጥታ እግሬ ስር በጉልበቷ ወደቀችና አንገቴን አቀፈችኝ።

«ውይ እህቴን! ውይ ውብዬን! ደግሞ ምን መጣብሽ? ማን ነው? እናትሽ ናቸው?»

አቤት፣ አምላኬ። ለኔ ታለቅሳለች። ጉንጯ ጉንጬ ላይ ነው፣ ከውጪ ያመጣችው ብርድ ገና አልለቀቃትም። «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ፣ አይዞሽ» ትለኛለች፤ ቀና ብላም ሰዎቹን «ምነው ዝም ብላችሁ ታዩኛላችሁ፣ ውሃ ስጧት እንጂ!» ብላ ተቆጣቻቸው።

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አፋቸውን ከፈቱ። ያ መንገድ ሙሉ ሲያጠኑት የመጡት ቃል አልወጣም። እኔን አዩኝ። ሁሉም እኔን አየኝ። ሙሉ ከበሩ ላይ ደርሳ አፏን በእጇ ይዛ ቆማለች።

ክንዴን በወገቧ ዙሪያ አዞርኩ። ሁለቱን እጆቼን ከጀርባዋ አቆላለፍኩና ጠበቅ አድርጌ ያዝኳት።

«አልማዝዬ፣ የኔ አይደለም።»

«እሺ፣ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው የኔ እመቤት። ቤዛ ናት።»

«ቤዛ ምን?» አለች። በጣም ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ስለ ትምህርት ቤት የሚያወራ ሰው ድምፅ።

«ሞታለች» አልኳት።

ቃሉን ራሴው ሰማሁት። ስለ ናሆም ሳወራ «የሄደ ጊዜ» ነው የምለው፣ «ያን ጊዜ» ነው የምለው። ሞተ ብዬ አላውቅም። አሁን ለሌላ ሰው ልጅ አልኩት።

አልማዝ ጮኸች። ክብደቷ ሁሉ እኔ ላይ መጣ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራተተና ማሽኑን መታው፣ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ወረድን። ፊቷን ልትነጭ እጇን ስታነሳ ሙሉ ያዘቻት። ደረቷን ስትመታ ግርማ እጁን መሀል አስገባ፤ ምቱ ሁሉ እሱ እጅ ላይ አረፈ። እኔ ያቆላለፍኩትን እጄን አልፈታሁም። ጋሽ ታደሰ ማሽን ተደግፈው እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። ከላይ ፎቅ ጎረቤቶች ወርደው በሩ ላይ ቆሙ፣ ጥቁርም ነጭም ሕንድም። አንዲት ሂጃብ ያደረገች ሴትዮ ማንንም ሳትጠይቅ ገብታ አልማዝ እግር አጠገብ ተቀመጠች። ጩኸቱ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንዴት ያስተጋባል! ማንም ግን ዝም በሉ አላለንም።

ረፋድ፣ ቤቷ

ፍራሽ ወለሉ ላይ ተነጥፏል። ሶፋው ወደ ኮሪደር ወጥቷል። ሰው ሺፍቱን እየቀየረ፣ ከሥራ እያስፈቀደ፣ ገና ከሚሲሳጋ ከስካርቦሮ እየመጣ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ከየቤቱ የመጣ ድስት ተደርድሯል። ንፍሮው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሁሌ አስቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ሻዩ ምድጃው ላይ እንደተጣደ ቀዝቅዟል።

ጋሽ ታደሰ ድምፃቸው ተመልሶላቸዋል። «በቃ ልጄ፣ በቃ። ማልቀስ አይመልሳትም። ተጽናኚ።»

«ጋሼ፣ ይተዉአት!» አልኩ። ትንሽ ጮክ ብያለሁ መሰለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ገና መቼ አለቀሰችና ነው? ታልቅስ።»

ጋሽ ታደሰ አልተቆጡም። «እውነትሽን ነው» ብለው ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጡ።

አልማዝ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነው። ድምፅዋ ተዘግቷል። ሰው እየገባ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፣ እሷ ጣሪያውን ታያለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ያልፋል?» አለችኝ።

እኔንም ሰዉ ሁሉ ያልፋል ብሎኝ ነበር። እያንዳንዱን ልመታው እፈልግ ነበር። «አያልፍም» አልኳት። «ግን ትበያለሽ። አሁን የሚሆን አይመስልሽም፤ ትበያለሽ። አንድ ቀን ትስቂያለሽ፣ ከዚያ ሳቅሁ ብለሽ ቤት ገብተሽ ታለቅሻለሽ። ደግሞ ሌላ ቀን ትስቂያለሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ፣ «ያንቺ ልጅ ስሙ ማን ነበር?»

ስሙ። ሰው ያዝንልኛል፣ ምግብ ያመጣልኛል፣ ይጸልይልኛል፤ ስሙን ግን አይጠራብኝም። እንዳላስታውስ ነው መሰለኝ፣ የረሳሁ ይመስል! ከስንት ጊዜ በኋላ የጠየቀችኝ ይህቺ ናት፣ በራሷ ቀን።

«ናሆም» አልኳት።

«ናሆም» አለች። «ምን ይወድ ነበር?»

ነገርኳት። ስለ ትኩሱ ሹራብ፣ ስለ ኳሱ፣ ምስር ወጥ ላይ ኬቻፕ እንደሚያደርግ። እሷም ስለ ቤዛ ነገረችኝ፤ ስልክ ስታወራ መብራት ሲጠፋ በጨለማ እንደምትዘፍን፣ በረዶ ምን ምን ይላል ብላ እንደምትጠይቅ፣ እናቷን በአካል ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፈቻት ትንሽ ልጅ ሆና እንደነበረ። እዚያ ላይ ስትደርስ ሁለታችንም አለቀስን። ያለቀስኩት ለቤዛ ነው፣ ለናሆምም ነው፤ የቱ ለማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ግን ትንሽ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፣ በዚህም አላፍርም።

ከሰዓት

ሌሊቱን ሙሉ ቆማ የሠራች ሴት ናት፤ ልብ ባይፈልግም ሥጋ ይደክማል። ስታለቅስ ስታለቅስ እንቅልፍ ጣላት። ሰዉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከፊሉ ማታ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ።

ግርማ ቁልፉን ይዞ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ልውሰድሽ ውብዬ? በ401 አልሄድም።»

«ሂድ አንተ። እኔ እዚህ ነኝ።»

«ነገ ሥራ የለሽም?»

«ሱፐርቫይዘሬን ኮል አደርጋለሁ። ይገባታል፣ ካልገባትም ይግባት።»

ያልሄድኩበትን ምክንያት ለሱ አልነገርኩትም፣ ለእናንተ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን ክፉው ነገር መስማቱ ብቻ አይደለም። ከእንቅልፍ መንቃቱ ነው። ስትነቂ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሆነም። ልጅሽ አለ፤ ሥራ አለሽ፣ ቀኑ ቀን ነው። ከዚያ ትዝ ይልሻል። ማንም ሳይነግርሽ እንደ አዲስ ትረጂያለሽ። እኔ ያን ቀን ስነቃ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ሰዉ ትተኛ ብሎ በሩን ዘግቶልኝ ነበር።

ስለዚህ ፍራሹ ላይ፣ አጠገቧ ጋደም አልኩ። በመስኮቱ የሬክስዴል ሰማይ ይታያል፣ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ያልፋሉ፣ መስታወቱ ይንዘፈዘፋል። እሷ ለምዳዋለች፣ አይቀሰቅሳትም። እጇን ያዝኩ፤ በካርቶን የተላጠ፣ ጥፍሩ አጭር እጅ ነው።

ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ዓይኗን ገለጠች። እንደፈራሁት ነው፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። አየችኝ። እንግዳ ቤቷ ያገኘች ሰው አስተያየት ነበር፣ ፈገግ ልትልልኝም ቃጣት። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ውብዬ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኳት፤ እጇን ጠበቅ አድርጌ።